«ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም»፦ ስለ ልጆች ስሜታዊ ደህንነት በቀላሉ

ሰኞ ጠዋት ነው። ልጁ ሆዱን ይዞ «አመመኝ» ይላል። ትኩሳት የለውም፤ አላስመለሰውም። ቅዳሜና እሁድ ሲሯሯጥ ነው የዋለው። «እሺ ቅር» ከተባለ ረፋድ ላይ ሕመሙ ድራሹ ይጠፋል። ብዙ ወላጅ ይሄኔ «ሰንፎ ነው» ወይም «እያታለለኝ ነው» ብሎ ይደመድማል።

ልጁ ግን ብዙ ጊዜ እየዋሸ አይደለም። ጭንቀት ሆድን የምር ያሳምማል። አንጎልና ሆድ በነርቭ የተሳሰሩ ናቸው፤ ሰው ሲጨነቅ የሆድ ዕቃው ሥራ ይዛባል። የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ «ዕረፍት ሰዓት ላይ ብቻዬን ስለምቆም ትምህርት ቤት አስጠላኝ» ብሎ የሚያስረዳበት አቅም ገና የለውም። ስለዚህ ሆዱ ይናገርለታል።

የተማሪዎች ስሜታዊ ደህንነት ጉዳይ አሁን አሁን በብዙ ትምህርት ቤቶች ይነሳል፤ ግን በደንብ ሳይገባን የምናወራው ነገር ይበዛል። ለአንዳንዱ ልጅን ማሞላቀቅ ነው። ለሌላው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ግን ዋናው ሥራ ያለው በክፍሉ በር ላይ፣ በስም ጥሪው ሰዓትና በመጫወቻ ሜዳው ላይ ነው። እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሜታዊ ደህንነት ማለት ልጁ ሁሌ ደስ ይበለው ማለት ነው?

አይደለም። ሁሌ ደስተኛ የሆነ ልጅ የለም። የቅርብ ጓደኛው ከሌላ ልጅ ጋር ሲጫወት የሚከፋው፣ ፈተና ሲደርስ ልቡ ድው ድው የሚል ልጅ ጤነኛ ልጅ ነው። ስሜታዊ ደህንነት አለው የሚባለው ስሜቱ ሲመጣበት ምን እንደሆነ መለየት፣ ችሎ ማሳለፍና መልሶ መረጋጋት ሲችል ነው። ሲያቅተው ደግሞ የሚጠጋው ሰው ሲኖረው።

እነዚህ ነገሮች እንደ ንባብ ሁሉ በልምምድ የሚመጡ ችሎታዎች ናቸው። ማስተማሩም የማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት ይባላል። በ1994 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ካሰል የተባለ ድርጅት አምስት ላይ ይከፍላቸዋል፦ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ከሰው ጋር መግባባትና በኃላፊነት መወሰን።

ከስሜታዊ ደህንነት ጋር አብሮ የሚነሳው ሌላው ቃል ማኅበረሰብ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ማኅበረሰብ ሆኗል የምንለው ልጁ «እዚህ ያውቁኛል፤ ብቀር ይፈልጉኛል፤ የምሠራውም ነገር አለኝ» ብሎ ሲያምን ነው። ሁለቱ አይነጣጠሉም። ልጅ ብቻውን ሆኖ መረጋጋትን አይማርም። መጀመሪያ የሚረጋጋው አጠገቡ ያለው ትልቅ ሰው ሲያረጋጋው ነው፤ ራሱን በራሱ ማረጋጋት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው።

ይሄ ከሒሳብና ከንባብ ጋር ምን አገናኘው?

አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። አደጋ ሲሸተን ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ የማመዛዘን፣ የማቀድና ራስን የመግታት ሥራ ይሠራል። ይህ ክፍል በስሎ የሚጨርሰው ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ እንግዲህ ማንቂያው በደንብ ይሠራል፤ መቆጣጠሪያው ግን ገና እየተሠራ ነው።

ለአንጎል አደጋ ማለት አውሬ ብቻ አይደለም። መሳቂያ መሆን፣ ከጨዋታ መባረር፣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ መሰደብም እንደ አደጋ ይቆጠራል። ልጁ አዲስ ነገር ሲማር መረጃውን ለጊዜው ይዞ የሚያሰላበት ቦታ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው፤ እንደ ትንሽ ጠረጴዛ ልንቆጥረው እንችላለን። «ዕረፍት ላይ ማን ጋ ልሂድ?» የሚለው ስጋት ጠረጴዛውን ከሞላው ሰባት ሲባዛ በስምንት የት ይቀመጥ?

ይህ በጥናትም ታይቷል። በ2011 የወጣ አንድ ትልቅ ትንታኔ 213 የትምህርት ቤት ፕሮግራሞችን በአንድ ላይ መረመረ። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ 270,034 ተማሪዎችን ያካተተ ነው። ስሜትንና ግንኙነትን የተማሩት ልጆች በትምህርት ውጤታቸው ካልተማሩት በአማካይ በ11 የመቶኛ ደረጃ በልጠው ተገኙ። ይህ ማለት ከመቶ ተማሪዎች መሐል ላይ ይቀመጥ የነበረ ልጅ አሥራ አንድ ያህል ልጆችን አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አተገባበሩ የተዝረከረከ ከሆነ ውጤቱም ይቀንሳል። መጽሐፍ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ማንንም አልረዳም።

ልጅ ስሜቱን በምን ይማራል?

አንድ ክፍል ውስጥ እንግባ። አንድ ተማሪ ሲሥለው የቆየው ሥዕል ጓደኛው ሲያልፍ ተጎትቶ ተቀደደ። ልጁ የእርሳስ መያዣውን ወረወረ። እርሳሶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ክፍሉ ፀጥ አለ፤ ሁሉም መምህሯን ያያል።

መምህሯ መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ሥዕልህ ስለተቀደደ ተናደድክ፣ አይደል?» አለችው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «ያናድዳል። ብዙ ደክመህበታል። መወርወር ግን አይቻልም፤ ሰው ሊመታ ይችላል። አሁን ምን ይሻልሃል? ውኃ ጠጥተህ ትመጣለህ ወይስ እዚህ ጋ ትንሽ ትቀመጣለህ?» ልጁ መቀመጡን መረጠ። ትንሽ ቆይቶ እርሳሶቹን ራሱ ለቀመ።

ይህች መምህርት ሦስት ነገር አድርጋለች። ስሜቱን ስም ሰጠችው። ስሜቱን ተቀብላ ድርጊቱን ከለከለች። ከዚያ ደግሞ ሁለት የሚያዋጡ ምርጫዎች አቀረበችለት፤ ምርጫ ያለው ሰው የተከበበ አይመስለውም። ልጁን ቁልቁል ሳይሆን በእኩል ከፍታ ማየቷም ትንሽ ነገር አይደለም።

ስሜትን በስሙ መጥራት የሚሠራው ለምንድን ነው? በ2007 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች በአዋቂዎች ላይ ያደረጉት የአንጎል ምስል ጥናት ፍንጭ ይሰጣል። ሰዎቹ የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት እያዩ ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት የአሚግዳላቸው እንቅስቃሴ ቀነሰ፤ ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ ነቃ አለ።

ለዚህ ልጆች ቃላት ያስፈልጓቸዋል። «ደስ አለኝ»፣ «ከፋኝ» እና «ተናደድኩ» ብቻ ያለው ልጅ ብዙውን ነገር ንዴት ያደርገዋል። ቀናሁ፣ አፈርኩ፣ ናፈቀኝ፣ ቅር አለኝ፣ ግራ ገባኝ፣ ተስፋ ቆረጥኩ ማለትን የለመደ ልጅ ግን የሚያስፈልገውን መጠየቅ ይችላል። ላፈረ ልጅና ለናፈቀው ልጅ የሚሰጠው እርዳታ አንድ አይደለምና። «ዝም በል፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» የተባለ ልጅ ስሜቱ አይጠፋለትም። የሚማረው መደበቅን ነው።

የመረጋጊያ ዘዴዎችም አሉ። ቀላሉ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው፤ በተለይ አየር ማስወጣቱን ረዘም ማድረግ የልብ ምትን ያዘገያል። ግን የሚለመደው በሰላሙ ጊዜ ነው። እየጮኸ ያለን ልጅ «ተንፍስ!» ማለት አይሠራም። በየጠዋቱ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲለማመድ የከረመ ልጅ ግን ሲናደድ ያስታውሰዋል።

የሌላውን ስሜት ስለማንበብ ሳስብ ሁሌ የሚማርከኝ አንድ ፕሮግራም አለ። በ1996 ሜሪ ጎርደን የተባሉ ባለሙያ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ የጀመሩት ነው። አንድ ሕፃን ከወላጁ ጋር በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ወደ ክፍሉ ይመጣል። ተማሪዎቹ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ዙሪያ ይቀመጡና ሕፃኑን ያያሉ። ለምን አለቀሰ? አሁን ደስ ብሎት ነው ወይስ ደክሞት? መናገር የማይችልን ሰው ስሜት መገመት ይለማመዳሉ። ከዚያ ውይይቱ ወደ ራሳቸው ይዞራል፦ አንተስ እንደዚህ የሚሰማህ መቼ ነው?

«እዚህ ያውቁኛል» የሚለው ስሜት ከየት ይመጣል?

ከትንንሽ ነገሮች ነው የሚመጣው። መምህሩ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ሲቀበል። ትናንት ለቀረ ልጅ «ለምን ቀረህ?» ከማለቱ በፊት «ትናንት አጣንህ እኮ፤ ደህና ነህ?» ሲል። ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሁሉም በተራው የሚናገርበት አሥር ደቂቃ ሲኖር፤ መናገር ያልፈለገም «ይለፈኝ» ማለት ሲፈቀድለት። ለጎበዞቹ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ልጅ የሥራ ድርሻ ሲሰጥ፦ ሰሌዳ የሚያጠፋ፣ ተክል የሚያጠጣ፣ አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጸዳጃ ቤቱንና ቤተ መጻሕፍቱን የሚያሳይ። የሚጠበቅበት ሥራ ያለው ልጅ ትምህርት ቤቱን የኔ ይለዋል።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ ወጪው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው። መምህራኑ ብቻቸውን ሲሆኑ የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እያንዳንዱ መምህር በቅርብ ከሚያውቃቸው ልጆች ስም አጠገብ ምልክት ያደርጋል። ማወቅ ማለት ውጤቱን ማወቅ አይደለም፤ ምን እንደሚወድ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ምን እንደሚያስፈራው ማወቅ ነው። ሲጨርሱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ያያሉ። አንዳንዱ ስም ምልክት በምልክት ሆኗል፤ የአንዳንዱ ግን ባዶ ነው። ባዶ የሆኑት አብዛኛውን ጊዜ የማይረብሹ፣ ዝምተኛ ልጆች ናቸው። ከዚያ መምህራኑ ይከፋፈሏቸዋል። እያንዳንዱ የደረሰውን ልጅ በየቀኑ ቀረብ ብሎ ማዋራት ይጀምራል፤ ልጁ ግን የስም ዝርዝሩን አያውቅም።

አንድ ትልቅ ሰው ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? በሃዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ኤሚ ወርነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብና በመሳሰለው ከባድ ችግር ውስጥ ካደጉት መካከል ከሦስት አንዱ ያህሉ ብቁና ተንከባካቢ አዋቂ ሆነዋል። ልጆቹን ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ከአንድ የማይለዋወጥ፣ ከሚወዳቸው ትልቅ ሰው ጋር የነበራቸው ቅርበት ነው። ያ ሰው አያት ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ደግሞ አንድ መምህር ጠቅሰዋል።

የልጆቹ የእርስ በርስ ቅርበትም ዝም ብሎ አይመጣም። በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ነጭና ጥቁር ተማሪዎች በአንድ ክፍል መማር ሲጀምሩ ትምህርት ቤቶቹ በጠብ ታመሱ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊየት አሮንሰን «ተከባበሩ» የሚል ስብከት አላመጡም። የሥራውን አወቃቀር ቀየሩት። ተማሪዎቹ በትንንሽ ቡድን ይከፈላሉ፤ የትምህርቱ አንድ አንድ ክፍል ለእያንዳንዱ ልጅ ይሰጣል። የጓደኛህን ድርሻ ከእሱ አፍ ካልሰማህ ፈተናውን አታልፍም። ትናንት «ዝም በል» ይሉት የነበረውን ልጅ ዛሬ አፍ አፉን ማየት ግድ ሆነባቸው። እኔ ከዚህ ሁሉ በጣም የማምንበት ይህንን ነው። ልጆች ልብ ለልብ የሚገናኙት አንዱ ሌላውን የሚያስፈልግበት ሥራ አብረው ሲሠሩ ነው።

ቡሊንግ ከተራ ጠብ በምን ይለያል?

ሁለት እኩል ልጆች በኳስ ተጣልተው ቢገፈታተሩ ጠብ ነው። ቡሊንግ ግን ሦስት ምልክቶች አሉት፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ እና አጥቂው በጉልበት፣ በዕድሜ ወይም በጓደኛ ብዛት ይበልጣል። ይህን መለያ ያስለመዱት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳን ኦልዊየስ ናቸው፤ በ1983 ኖርዌይ በመላ አገሪቱ በጀመረችው ፀረ ቡሊንግ ዘመቻ ውስጥም ሥራቸው ቁልፍ ነበር። መለየቱ ጠቃሚ ነው። እኩል የሆኑ ልጆችን ቁጭ አድርጎ ማስታረቅ ይቻላል። የተጠቃን ልጅ ግን ካጠቃው ልጅ ጋር ፊት ለፊት አስቀምጦ «ታረቁ» ማለት ይበልጥ ሊጎዳው ይችላል።

መድኃኒቱ ያለው ቆመው የሚያዩት ልጆች ዘንድ ነው። በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት የመጫወቻ ሜዳ ላይ የነበረውን በካሜራ ተከታትሎ ነበር። ከቡሊንግ ክስተቶቹ 88 በመቶው ላይ ሌሎች ልጆች ነበሩ። ጣልቃ የገቡት በ19 በመቶው ብቻ ነው። ጣልቃ ሲገቡ ግን ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቱ በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። የፊንላንዱ ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ኪቫ የተባለው ፀረ ቡሊንግ ፕሮግራምም ያተኮረው ቆመው በሚያዩት ልጆች ላይ ነው። አጥቂው የሚፈልገው ተመልካች ነውና ሳቁ ሲቀር ጉልበቱ ይቀንሳል። ልጆች ደግሞ ጀግና እንዲሆኑ አይጠበቅም። «ና ከኛ ጋር ተጫወት» ብሎ የተጠቃውን ልጅ ይዞ መሄድ ይበቃል። ለመምህር መንገርም እንደ አሳባቂነት መታየት የለበትም። ልዩነቱን ማስረዳት ይቻላል፦ ማሳበቅ አንድን ሰው ችግር ውስጥ ለመክተት ነው፤ መንገር ግን ከችግር ለማውጣት ነው።

ጥፋት ሲፈጸምስ ቅጣት የለም ማለት ነው?

ተጠያቂነት አለ። የሚቀየረው ጥያቄው ነው። «ማን አጠፋ? ምን ይቀጣ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ሆነ? ማን ተጎዳ? እንዴት ይካስ?» ተብሎ ይጠየቃል። የጓደኛውን ደብተር የቀደደ ልጅ ጥግ ላይ ከመንበርከክ ይልቅ ተቀምጦ ደብተሩን ቢገለብጥለት የሚማረው ይበልጣል። ይህ ልል አካሄድ አይደለም። ብዙ ልጅ የጎዳውን ሰው ዓይን እያየ ከመስማት ቅጣቱን ተቀብሎ መገላገል ይቀለዋል።

መምህሩንስ ማን ይየው?

ይህ የሚረሳ ጥያቄ ነው። በ2016 በካናዳ የታተመ ጥናት ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ምራቅ መርምሮ ነበር። ሥራው ያሰለቸውና የዛለ መምህር ያላቸው ልጆች የጠዋት ኮርቲሶላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ኮርቲሶል ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። የትኛው ለየትኛው መነሻ እንደሆነ ጥናቱ አይወስንም፤ የተጨነቁ ልጆችም መምህር ያደክማሉ። ግን የመምህሩና የልጁ ድካም አብሮ እንደሚሄድ ያሳያል። መምህር የሚተነፍስበት ደቂቃ፣ የሚያማክረው ባልደረባና የሚሰማው ርዕሰ መምህር ከሌለው ከላይ ያወራነውን ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው።

በ1968 የየል ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም ጄምስ ኮመር በኒው ሄቨን ከተማ በጣም ደካማ ውጤት በነበራቸው ሁለት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጀመሩት ሥራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ወላጅ፣ መምህርና የሥነ ልቦና ባለሙያ አብረው እንዲያቅዱ አደረጉ። ከሕጎቻቸው አንዱ ስብሰባ ላይ ጥፋተኛ አለመፈለግ ነበር። «ወላጆቹ ግድ የላቸውም»፣ «መምህራኑ ሰነፎች ናቸው» የሚለው ወሬ ቀርቶ ንግግሩ ወደ መፍትሔ ዞረ። ከዓመታት በኋላ የልጆቹ ባሕርይም ውጤትም ተሻሻለ፤ አሠራሩም ወደ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ።

እኔ እንደ ወላጅ ምን ላድርግ?

ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የምናስቀድመው ጥያቄ «ስንት አገኘህ?» ከሆነ ስለ ውጤቱ ብቻ ያወራናል። «ዕረፍት ላይ ከማን ጋር ነበርክ?»፣ «ዛሬ ያሳቀህ ምን ነበር?»፣ «ከክፍላችሁ ብቻውን የሚሆን ልጅ አለ?» ብላችሁ ሞክሩ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያወጣል። አንዳንዴ ልጁ ስለ ሌላ ሰው እያወራ ስለ ራሱ ይነግራችኋል። ፊት ለፊት አፋጥጦ ከመጠየቅ ደግሞ አብሮ እየሄዱ ወይም ዕቃ እያጠቡ ማውራት ይቀለዋል።

ሲነግራችሁ ቶሎ ወደ ምክር አትሩጡ። «እና አንተ ምን ተሰማህ?» ብሎ መስማት ይቀድማል። ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ስትነጋገሩም የምታውቁትን በቀን በቀኑ ጽፋችሁ ሂዱ፦ መቼ፣ የት፣ ምን ሆነ፣ ማን አየ። «ልጄን ያንገላቱታል» ከሚል ጥቅል አቤቱታ ይልቅ ይህ መምህሩን ወደ ተግባር ያስገባዋል።

ወደ ባለሙያ የሚወሰደው መቼ ነው?

ክፉ ቀን ሁሉም ልጅ አለው። ለሁለትና ሦስት ሳምንት የቀጠለ ለውጥ ግን መታየት አለበት። እንቅልፍ ወይም የምግብ ፍላጎት ሲዛባ፣ ይወደው የነበረውን ጨዋታ ሲተው፣ አልጋው ላይ መሽናት ያቆመ ልጅ እንደገና ሲጀምር፣ ውጤቱ ድንገት ሲወርድ፣ የሆድ ወይም የራስ ሕመሙ በትምህርት ቀን ብቻ ሲመላለስ። በመጀመሪያ ሕመም አለመኖሩን ሐኪም ይይ፤ ከዚያ የክፍል መምህሩንና የትምህርት ቤቱን አማካሪ አነጋግሩ። ልጁ ራሱን ስለመጉዳት ወይም ስለመሞት ካወራ ግን ሳምንት አይጠበቅም። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሐሳቡ አለ ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን ልጁ ውስጥ አይተክልም። «መኖር ያስጠላሃል? ራስህን መጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በረጋ ድምፅ ጠይቁት፤ ሲመልስም ሳታቋርጡት ስሙት።